የብረቱ ሆድ ዕቃ፤ ከደምበጊና የተረፈ ትምህርት

ታላቁን ነገር አሳንሶ መሥራት ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ልማድ ነው። በግብፅ አገር፣ በአስዩት ከሚገኝ መቃብር ውስጥ፣ ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከእንጨት ተቀርጸው በሰልፍ የቆሙ ጦረኞችና ቀስተኞች ተገኝተዋል። በዘመናችንም ይኸው ጥበብ ወደ ሞተር መሣሪያ ተሻግሮ፣ በብዙ አገሮች ወጣቱም ሽማግሌውም በጠረጴዛው ላይ የታንክ አምሳያ ሲሠራ ይታያል። ይህን ሥራ የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ግን አንድ የታሪክ ትምህርት ያመልጠዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነውም ይህንኑ ትምህርት ነው።

ጥበቡን በዓለም ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ እንጨት ሰንጣቂ ነበረ፤ በኋላ የእንጨት፣ ቀጥሎም የፕላስቲክ አምሳያ ወደ መሥራት ተሸጋገረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ አምሳያ ባወጣ ጊዜ፣ መጠኑን የወሰነው ባትሪና ሞተር በሆዱ እንዲገቡለት አስቦ ነበረ። ኋላ ሲለካ የእውነተኛው ታንክ 35ኛ እጅ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም 1 ለ35 የተባለው ልክ እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። ነገሩን ልብ ብለን ብናየው፣ በዚያ አምሳያ ሆድ ውስጥ ለባትሪ እንጂ ለሰው ቦታ አልተተወለትም ነበር። የውስጡን ክፍል ከነመቀመጫው፣ ከነሞተሩና ከነጥይቱ አሟልቶ መሥራት እየሰፋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ለመሥራት የመረጥነው ኤል 3 የተባለውን ትንሹን የኢጣሊያ ታንክ ነው። የመረጥነውም አባቶቻችን በ1928 ዓ.ም. ፊት ለፊት የገጠሙት እርሱን ስለ ሆነ ነው። ይህ ታንክ ፊያትና አንሳልዶ የተባሉት ድርጅቶች የሠሩት፣ ክብደቱ ከሦስት ቶን ጥቂት የሚበልጥ፣ የሞተሩ ኃይል 43 የፈረስ ጉልበት የሆነ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚይዝ ነበረ። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ30 ያህል ነው። ይህ ሁሉ ለ35 ሲካፈል፣ ርዝመቱ 9 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ ደግሞ ከ4 ያነሰ ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በዚሁ ልክ 5 ሴንቲሜትር ይመጣል። እንግዲህ ሰውየውን ከታንኩ አጠገብ ብናቆመው፣ ሰውየው ከታንኩ በላይ ሆኖ ይታያል። የፊቱ ብረት ውፍረት 14 ሚሊሜትር ያህል ስለ ነበረ፣ እርሱም በዚህ ልክ ሲቀነስ ከአንድ ፖስታ ካርድ ብዙ አይበልጥም።

ስለዚህ ፖስታ ካርድ በምላጭ እየቆረጥን፣ በወረንጦ እየያዝን፣ በማጣበቂያ እያያያዝን ሥራውን ጀመርን። በችኮላችንም መጀመሪያ የውጩን ቅርጽ ጨርሰን ክዳኑን ደፋንበት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሰዎች ለማስቀመጥ ብንሞክር ትከሻቸው አልገባ አለ። ልኩን የተሳሳትን መስሎን ደግመን ለካን፤ ልኩ ግን ትክክል ነበረ፤ የጠበበው ታንኩ ራሱ ነው። ክዳኑን ነቅለን እንደ ገና ከውስጥ ጀመርን። ነጂውን በቀኝ፣ ተኳሹን በግራ አስቀመጥን፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። ከጀርባቸው የሚያቃጥለው ሞተር፣ ከእግራቸው ፊት የማርሹ ሳጥን፣ በዙሪያቸውም ጥይት ሆነ። መትረየሱ ወደ ፊት ተተክሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው በጥቂቱ ነው፤ እንደ ሌሎች ታንኮች ዙሪያውን የሚሽከረከር ራስ የለውም። ክዳኑ ሲዘጋ የውጩ ዓለም የሚታየው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከውጭ ሲያዩት አውሬ የነበረው ነገር፣ ከውስጥ ሲያዩት ሁለት የእናት ልጆች የተዘጉበት ሣጥን ሆኖ አገኘነው።

የደምበጊናን ጦርነት የተረዳነውም ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲገሠግሥ፣ በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ግንባር ቀደም ጦር በደምበጊና በር ላይ ሻለቃ ክሪኒቲ ከሚያዝዘው የጠላት ኃይል ጋር ተጋጠመ። በጠላት በኩል አንድ ሺህ ያህል የቅኝ ግዛት ወታደሮችና ዘጠኝ ያህል ታንኮች ነበሩ። በወገን በኩል ታንክ የሚበሳ መድፍ አልነበረም። ዳሩ ግን ቦታው ድንጋያማና ጠባብ ነበረና ታንኮቹ እንደ ልባቸው ሊዞሩ አልቻሉም። ጦረኞቹም የመትረየሱ አፈ ሙዝ በማይደርስበት በኋላና በጎን እየዞሩ ተጠጓቸው፤ በላያቸውም ወጡባቸው። አንዳንዶቹ ታንኮች ተገለበጡ፤ አንዳንዶቹም በእሳት ተያያዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል በዚያ ቀን በብረት ላይ ተፈጸመ።

ይህን ስንል ድሉን ከልኩ ልናስበልጠው አይደለም። በዚያው በታኅሣሥ ወር የጠላት አውሮፕላኖች በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። ታንክ ሆድ አለው፤ ሆዱም ሰው አለበት፤ በሰው ድፍረት ሊደረስበት ይቻላል። ከሰማይ የሚወርደውን መርዝ ግን ማን ጨብጦ ይታገለዋል? በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ የገባው ጀግና ጠፍቶ አልነበረም።

አሁን አምሳያው በጠረጴዛችን ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ልንዘጋው አልወደድንም፤ የሚጎበኘን ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የሚያየው የውስጡን ነውና። ወላጆችና መምህራንም በእጃቸው ባለው ካርቶንና ምላጭ ይህን ከልጆቻቸው ጋር ቢሞክሩት ወጪው ጥቂት ነው። የሚፈራ ነገር ባጋጠመ ጊዜ መጠኑን ለክቶ፣ ውስጡን መርምሮ፣ የት ላይ ዕውር እንደ ሆነ ማወቅ እንደሚገባ ልጁ በገዛ እጁ ይማራል። የደምበጊና ጦረኞች ይህን የተማሩት ግን በካርቶን ሳይሆን በደማቸው ነበር።