ከ«ተንቀሳቃሽ» ወደ «አንቀሳቃሽ»

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ የኮርስ ዝርዝሩን ሲያይ ስለ ልጆች እድገት በሚያወራ ኮርስ ስም ላይ «ሞተር» የሚል ቃል ይገጥመዋል። እኛ ዘንድ ሞተር ያለው መኪና ኮፈን ሥር ነው፤ ባለሁለት ጎማውንም በደፈናው «ሞተር» እንለዋለን። ታዲያ ጡት ያልተወ ሕፃን ምን ሞተር አለው?

ቃሉ ከመኪና በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። በላቲን «ሞቬሬ» ማንቀሳቀስ ነው፤ «ሞቶር» አንቀሳቃሽ። ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ትእዛዝ ተቀብሎ ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ «ሞተር ነርቭ» የተባለውም በዚሁ ፍቺ ነው። ተማሪው የሚያጠናው እንግዲህ አንቀሳቃሹን ነው።

የራሳችን «እንቅስቃሴ» ደግሞ ሲገፈፍ ከሥሩ «ቀሰቀሰ» ይወጣል። የተኛን መቀስቀስና የምርጫ ቅስቀሳ የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ከፊቱ የገባችው «ን» ብቻዋን አይደለችም፤ አማርኛ ውስጥ ለእንቅስቃሴ ግሶች የተለየ ፍቅር አላት። የሕፃኑን የመጀመሪያ ዓመት ተመልከቱ፦ ምንጣፍ ላይ ይንከባለላል፣ መጫወቻው ዘንድ ለመድረስ ይንጠራራል፣ በቂጡ ይንፏቀቃል፣ ቆሞ ይንገዳገዳል። «ከባለለ» ወይም «ገዳገደ» የሚል ግስ ግን የለንም። እነዚህ ግሶች ያለ «አን» ወይም ያለ «ተን» አይቆሙም፦ አንከባለለ፣ ተንከባለለ፤ አንገዳገደ፣ ተንገዳገደ። «አን» ሌላውን ሲያደርግ ነው፤ «ተን» በራስ ላይ ሲሆን።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ድንጋይም ቁልቁለት ሲያገኝ ይንከባለላል። ግሱ አንድ ነው፤ ድንጋዩን ግን ያንከባለለው ሌላ ነው፣ ሕፃኑን ያንከባለለው ራሱ። የአራስ ልጅ እጅና እግር ብዙውን ጊዜ ሳያስበው ይወራጫል፤ ወራት ሲያልፉ እጁ ወደ ፈለገው ነገር ይሄድለታል። «ሞተር ዴቨሎፕመንት» የሚባለው ትምህርት በአማርኛ ሲፈታ ይኸው ነው፤ ተንቀሳቃሹ የራሱ አንቀሳቃሽ የሚሆንበት መንገድ።

መንገዱ ለሁሉም እኩል አይረዝምም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ጤነኛ ልጅ ብቻውን መራመድ የሚጀምርበት ጊዜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ይዘረጋል። 4.3 በመቶ ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ተራምደዋል። «የጎረቤት ልጅ ዳዴ አለ፣ የኔ ምነው?» ለምትል እናት ይህ ቁጥር እፎይታ ነው።

ትምህርት ቤት ሳለን የስፖርት ትምህርትን የምናውቀው «ሰውነት ማጎልመሻ» በሚል ስም ነበር። «ስፖርት» ከድሮ ፈረንሳይኛ «ዴስፖርት» የመጣ ነው፤ መዝናናት፣ ጊዜ ማሳለፍ ማለት ነበር። የኛው ስም ከ«ጎለመሰ» ይነሣል፤ የ«ጎልማሳ» ወንድም ነው። ኳስ ይዘን ወደ ሜዳ ስንሮጥ ልብ ባንለውም፣ ስሙ የያዘው ጨዋታን ሳይሆን እድገትን ነው። ግን «ማጎልመሻ» እንጂ «መጎልመሻ» አላሉትም፤ ከጎን ሆኖ የሚያጎለምስ ሰው እንዳለ ፊደሏ ትናገራለች።

የዚያ ሰው ድርሻ እስከየት ነው? መልሱን ቤት ውስጥ እናገኘዋለን። አያት ሕፃኑን በሁለት እጁ ይዛ ታቆመዋለች፣ አንዱን እጅ ትለቃለች፣ ሌላውን ትለቃለች፤ ጉልበቱ እየተብረከረከ ለአፍታ ይጸናል። ያን ጊዜ እያጨበጨበች «ወፌ ቆመች!» ትላለች። ልጁ ወንድ ቢሆንም ወፏ ሴት ናት። የያዘችው፣ የደገፈችው እሷ ሆና ሳለ «አቆምኳት» አትልም። ቆመች።