ስለ ልዩነት የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ

የእንግሊዝ ሕዝብ ልዩነትንና ብዝኃነትን የሚገልጽባቸው ቃላት ከአንድ ምንጭ ብቻ የተቀዱ አይደሉምና፣ ጥቂቶቹን አስተውሎ ለመረመረ ሰው የአገሪቱ ታሪክ በየቃሉ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ከጥንት ጀምሮ የነበረው «ሰንድሪ» የተባለው ቃል በአንግሎ ሳክሶኖች ልሳን «ለብቻው የተለየ» ማለት ነበረ። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ ግን፣ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ሸንጎ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ላቲንም በቤተ ክርስቲያንና በሊቃውንት ዘንድ ጸንቶ ስለ ኖረ፣ ከላቲን የተወለዱ ቃላት በየዘመኑ ወደ ሕዝቡ አንደበት ገቡ። ከእነዚህም «ዳይቨርስ» በሥረ መሠረቱ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ መዞርን፣ «ዲፈረንት» አንዱን ከሌላው አራርቆ መውሰድን፣ «ቫራይቲ» ደግሞ እንደ ዥጉርጉር ቆዳ ኅብረ ቀለሙ የበዛውን ነገር ያመለክት ነበር።

ይሁን እንጂ መጤው ነባሩን አላጠፋውም። በ1611 ዓ.ም. በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጕሞ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚገልጥ ሁሉ፣ ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት የመጀመሪያ ቍጥር ላይ የሳክሶኑን «ሰንድሪ» እና ከላቲን የመጣውን «ዳይቨርስ» በጥንታዊ አጻጻፉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያገኛቸዋል። ቋንቋ የሚበለጽገው እንዲህ የራሱን ሳይጥል የእንግዳውን ሲቀበል ነውና፣ የቃላትን የትውልድ ሐረግ መመርመር ለታሪክ ተማሪ ሁሉ የሚገባ ትጋት ነው።