ባሕርይ ተኮር ሕክምና፦ ጤና መኮንኑ ገለምሶ ላይ የሚፈልገው ሙያ

ባሕርይ ተኮር ሕክምና የምንለው፣ ሰው የሚበላውና የሚጠጣው፣ የሚቅመውና የሚያጨሰው፣ እንቅልፉና ጭንቀቱ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጡ ወይም መተዉ ከበሽታው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያጠና የሕክምና ዘርፍ ነው። ከማጥናትም አልፎ ያንኑ እውቀት ምርመራ ክፍል ውስጥ ያውለዋል። ደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ቲቢን፣ የጨጓራ ሕመምን፣ ድብርትን ሲያክም መድኃኒቱን አይተውም፤ የታማሚውን የዕለት ኑሮ ግን የሕክምናው አካል አድርጎ ይይዘዋል።

ቃሉ የመጣው ከእንግሊዝኛው «ቢሄቪየራል ሜዲስን» ነው። ስያሜው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብቅ ቢልም፣ ትርጉሙ የተበየነው በየካቲት 1977 አሜሪካ በሚገኘው ዬል ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጉባኤ ነው። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኤንግል የተባለው ሐኪም «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በሽታ በሰውነት ብቻ ሳይሆን በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮም ጭምር መታየት አለበት ሲል ሞገተ። ጊዜው በበለጸጉ አገሮች ዋነኞቹ ገዳዮች ከተላላፊ በሽታዎች ይልቅ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና ካንሰር የሆኑበት ነበር። ለእነዚህ ደግሞ የሲጋራው፣ የምግቡና የእንቅስቃሴው ነገር ካልተነሳ ኪኒን ብቻውን የሚያደርሰው ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ለምን «የባሕርይ ሕክምና» አንለውም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ይህ ስም ለአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴ፣ «ቢሄቪየር ቴራፒ» ለሚባለው፣ በብዛት ስለሚውል ያምታታል። ሁለተኛ፣ ታማሚው ጠባዩ ተበላሽቶ ሊታረምለት የተጠራ ይመስለዋል። አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መታየት ዛሬም በሹክሹክታ በሚነገርበት አገር፣ ለደም ግፊት የመጣን ሰው «የባሕርይ ሕክምና ክፍል ይሂዱ» ማለት ከግቢው ማስወጣት ነው። «ተኮር» የሚለው ቃል ግን የሚታከመው በሽታው፣ ትኩረት የሚደረግበት ደግሞ ልማዱ መሆኑን ይለያል።

በአሜሪካ ይህን ሙያ በግዴታ ከሚማሩት መካከል «ፊዚሺያን አሲስታንት» የሚባሉት ባለሙያዎች ይገኙበታል። ሥልጠናውን በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ዶክተር ዩጂን ስቴድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በባሕር ኃይል በሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሦስቱ በ1967 ተመረቁ። ዛሬ ሥልጠናው በአብዛኛው ወደ 27 ወራት ይወስዳል። ተማሪው በቀዶ ጥገና፣ በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናትና በማህፀን ሕክምና እንደሚዞር ሁሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በባሕርይና በአእምሮ ጤና አገልግሎት ላይ ይመደባል።

ስሙን ቃል በቃል «የሐኪም ረዳት» ብንለው፣ በአገራችን ቀድሞ በጤና ኬላዎች ይሠሩ ከነበሩት ጤና ረዳቶች ጋር ይቀላቀላል። የሥራው እውነተኛ አቻ ጤና መኮንን ነው። የጤና መኮንን ሥልጠና በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተጀመረ፤ በደርግ ዘመን ተቋርጦ ኋላ ቀጠለ፤ ከ2005 ወዲህ ደግሞ በተፋጠነ መርሐ ግብር ሰፋ። ልዩነቱ በኃላፊነቱ ላይ ነው። አሜሪካዊው በአብዛኛው ከሐኪም ጋር ተጣምሮ ሲሠራ፣ ኢትዮጵያዊው ጤና መኮንን ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ብቻውን መርምሮ፣ ብቻውን ወስኖ፣ ብዙ ጊዜም ጣቢያውን ራሱ ይመራል። ስለዚህ ባሕርይ ተኮር ሕክምና ከአሜሪካዊው ይልቅ ለእሱ ያስፈልጋል፤ «ይህን የሥነ ልቦና ባለሙያው ያየዋል» ብሎ የሚያሳልፍለት ሰው አጠገቡ የለም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምዕራብ ሐረርጌ በደንብ ይታያል። ገለምሶ ከጭሮ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በበዴሳ መስመር የምትገኝ የሐብሮ ወረዳ ከተማ ናት፤ ቡናና ጫት የአካባቢው ገበሬ መተዳደሪያ ናቸው። ጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ ተለየ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት እርጥቡን መድረስ አለበት፤ የጫት መኪኖች የሚከንፉት ለዚህ ነው። ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል።

የገለምሶ ታማሚ ግን ካቲኖን አይልም። በርጫ ይላል፤ ምርቃና፣ ሃራራ፣ ዱካክ፣ ጨብሲ ይላል። በርጫ መቃሚያው ሥርዓትና ሰዓት፣ ምርቃና ሲነቃቃ፣ ሃራራ ሰዓቱ ሲደርስ የሚመጣው አምሮት፣ ዱካክ ቃሚውን በእንቅልፉ የሚያስጨንቀው ቅዠት፣ ጨብሲ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ነው። እያንዳንዱ ቃል የምርመራ ፍንጭ ይሰጣል። «ጨብሲ አለዎት?» ብሎ ያልጠየቀ የጤና መኮንን ተማሪ የአልኮሉን ችግር አያገኘውም። ዱካክን የማያውቅ ደግሞ የእንቅልፍ ክኒን ይጽፋል፤ ወይም ነገሩን ሁሉ የአእምሮ ሕመም ያደርገዋል። ይህም ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ የሚጠየቅ መሆኑን ተማሪው ከመመደቡ በፊት ማወቅ አለበት።

ልማዱን መጠየቅ ለመድኃኒቱም ይጠቅማል። በ1997 የታተመ በየመን የተደረገ ጥናት፣ ጫት መቃም አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ወደ ደም የሚገቡበትን መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። አጥኚዎቹ መድኃኒቶቹ ተቅሞ ካበቃ ከ2 ሰዓት በኋላ እንዲወሰዱ መክረዋል። ስለዚህ «መቼ ይቅማሉ?» የሚለው ጥያቄ እንደ «መድኃኒት ያስቆጣዎታል?» ከማዘዣው በፊት መምጣት ያለበት ነው። በረመዳን ደግሞ ምግቡም፣ በርጫውም፣ ኪኒኑም ወደ ሌሊት ይዞራሉ። የስኳር ሕመምተኛው መድኃኒት ከወሩ አስቀድሞ ካልተስተካከለ በቀን ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል።

አሁን ለማሳያ ያህል አንድ ታማሚ እናስብ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ገበሬ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የጀመሩ፣ ግፊታቸው ግን ያልወረደ። የተለመደው ምክር «ጫት ያቁሙ፤ ይገድልዎታል» ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እሺ ልጄ» ብለው ይወጣሉ፣ በቀጠሮው ቀን አይመጡም። ባሕርይ ተኮር ሕክምና የተማረው ጤና መኮንን እንዲህ ይጀምራል፦

«አባባ፣ የቃሙ ዕለት ሌሊቱ እንዴት ያልፋል?»
«እንቅልፍ የለም። ሲነጋ ራሴን ያዞረኛል።»
«ኪኒኑንስ በስንት ሰዓት ይውጡታል?»
«ማታ ነበር የተባልኩት። በርጫ ላይ ከዋልኩ ያመልጠኛል።»
«ከዚህ ውስጥ ቢቀየር ይሻለኛል የሚሉት የቱን ነው?»
«የጠዋቱን ጫት ለሥራ እፈልገዋለሁ። የማታው ግን ቢቀርም ግድ የለም።»
«እንግዲያው የማታውን ይቀንሱት። ኪኒኑን ደግሞ ጠዋት፣ ወደ ማሳ ከመውጣትዎ በፊት እናድርገው። በሁለት ሳምንት ግፊቱን አብረን እናየዋለን።»

ይህ ዘዴ ዊልያም ሚለር በ1983 የጀመረው፣ ኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር በ1991 በመጽሐፍ ያሰፋው ነው፤ በአማርኛ «አነሳሽ ምክክር» ብንለው ያስኬዳል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ የመለወጥ ምክንያቱ ከሐኪሙ ሳይሆን ከታማሚው አፍ መውጣት አለበት። ገበሬው ጫት ቃሚ ብቻ አይደሉም፤ አብቃይም ናቸው። የልጆቻቸው ደብተርና የቤታቸው ቆርቆሮ የሚገዛው በእሱ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚመክር ባለሙያ ቅጠሉን ሲያወግዝ ቤተሰቡን ያወገዘ ይመስላል።

ከአነሳሽ ምክክር በተጨማሪ ተማሪው የመለያ መጠይቆችን ይለማመዳል። ለድብርት ባለ 9 ጥያቄው «ፒ ኤች ኪው»፣ ለአልኮል የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄው «ኦዲት» የታወቁት ናቸው። መጠይቅ ግን ጆሮን አይተካም። የአገራችን ሰው ሐዘኑን «ተደብሬያለሁ» ከማለት ይልቅ «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይከብደኛል» እያለ በሰውነቱ ይናገራል። የሙያውን ዳር ማወቅም ከሥልጠናው ነው፤ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ፣ ድምፅ የሚሰማው ወይም ሰው ሊጎዳ የሚችል ታማሚ ሲመጣ አፋጣኝ እርዳታ ሰጥቶ ወደ ሳይካትሪ ባለሙያ መላክ እንጂ በምክክር ማቆየት አይገባም።

ይህ ሁሉ በጤና ጣቢያ ደረጃ ይቻላል ወይ ለሚል፣ ከአገራችን የተገኘ መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የአእምሮ ጤናን በአጠቃላይ ሕክምና ውስጥ የማካተት መርሐ ግብር ጀመረ፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። በጉራጌ አካባቢ የተካሄደና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ ውጤቱ በሳይካትሪ ነርሶች ከሚመራው አገልግሎት እንደማያንስ አሳይቷል። ከባዱ ከተቻለ የደም ግፊቱ፣ የእንቅልፉና የጫቱ ጉዳይ አይከብድም።

የጎደለው ሥልጠናው ነው። በብዙ ካርዶች ላይ «ምክር ተሰጥቷል» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። ምን እንደተባለ፣ ታማሚው ምን እንደመለሰ፣ በምን እንደተስማሙ አይታወቅም። ቁስል መስፋትን ያለ አስተማሪ ዓይን ለተማሪ አንተውም፤ ምክክሩን ግን ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያርመው እንዲያልፍ እናደርጋለን።

ስለዚህ በሐረር ለሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ጤና መኮንን ለሚያስተምሩ ሁሉ የምናቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ተማሪዎቻችሁ ከምረቃ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት እንደ ገለምሶና ጭሮ ባሉ ከተሞች ሆስፒታሎች ባሕርይ ተኮር ሕክምናን ይለማመዱ። አስተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ ምክክራቸውን ይስማ፣ ይገምግም፣ ውጤት ይስጥበት። ካርዱ ላይም «ምክር ተሰጥቷል» ቀርቶ የተስማሙበት ነገርና የቀጠሮው ቀን ይጻፍ።