የመሸበት መንገደኛና የዱከም አልጋ ቤቶች

ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ዱከም ዛሬ የምትታወቀው በፋብሪካና በጥሬ ሥጋ ነው። ቀድሞ ግን በየረርና በዝቋላ ተራሮች መካከል የተዘረጋ፣ ነፋስ የሚመላለስበት የጤፍና የሽምብራ ሜዳ ነበረች። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት የአባሎቻችንን ሒሳብ ስሠራ የባለ አልጋ ቤቶቹ ደብተር ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ስለታየኝ ነው። የሱቅ ደብተር ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። የአልጋ ቤት ደብተር ግን ሳይነግሩት ወቅቱን ይናገራል።

በድሮ ጊዜ ለማደሪያ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር። መንገደኛው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል፤ የቤቱ እመቤት «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ትላለች። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ይነጠፍለታል። ሥራው በሙሉ የሴት ነበር፤ በየትኛውም መዝገብ ግን አልሰፈረም። ማደሪያ በዋጋ የሚሸጥ ነገር መሆኑን በይፋ ካሳዩት መካከል ቀዳሚዋም ሴት ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ከፈቱ። መኳንንቱ በልተው መክፈል ከብዷቸው እንደነበር ይነገራል። አይገርመኝም፤ ዛሬም ዘመድ አሳድረው ሒሳብ መጠየቅ የሚያፍሩ አባላት አሉን።

ከዚያ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በአዋሽ በረሃ መካከል ያለው የባቡር ጣቢያ ሆቴል፣ ሰዉ «ቡፌ» የሚለው፣ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በዱከም ሐዲዱ ቢያልፍም እንዲህ ያለ ቤት አላስነሣም። አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት የቀረው ሰው ለምን ያድራል? አልጋ ቤት የሚኖረው መንገደኛው ለመቆም ሲገደድ ነው።

ዱከምን አልጋ ቤት ያደረጋት መኪናና ወቅት ነው። ዓመቱን ከመስከረም ልጀምር። ከመስቀል በኋላ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ሲከበር ሕዝቡ በእኛ በኩል ያልፋል፤ ያን ሰሞን ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎም አይበቃም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የዝቋላ አቦ ተሳላሚዎች አሉ። ኅዳር ሲገባ ጤፍ ይታጨዳል፣ ነጋዴው ጆንያውን ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ አልጋው ሞልቶ ልኳንዳው ባዶ ነው። በጥር ሰርገኛው ሁለቱንም ይሞላል። ከዚያ ሁዳዴ ይመጣል። 55 ቀን ሥጋ የለም፣ ለሥጋ ብሎ ከከተማ የሚመጣ እንግዳም የለም። ባለቤቶቹ ብርድ ልብስ ያጥባሉ፣ ግድግዳ ኖራ ይቀባሉ፣ ከዕቁብ የወጣውን ቆጥበው ይበላሉ። በዚህ ወቅት ብድር መክፈያ ቀን የሚቆርጥ ሰው የአገሩን ሥራ አያውቅም እላለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ደብተሩ እንደገና ነፍስ ይዘራል።

ክረምቱ የተለየ ነው። የዱከም አፈር ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ እንኳን ጎማ ጫማም አያስነሣም። በዕድሜ የገፉ አንዲት አባላችን እንዳጫወቱን፣ በድሮው መንገድ የጫነ መኪና ጭቃ ሲይዘው ሾፌርና ረዳት ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብቱ ነበር። «ለእነሱ መከራ፣ ለእኛ ገበያ» ብለው ይስቃሉ። ደግሞም ሌሊት ተነሥተው ውኃ የሚቀዱት፣ የሰከረውን የሚያባብሉት፣ ሳይከፍል የሄደውን የሚረሱት እሳቸው ነበሩ።

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ጀመረ። መንገዱ አጥር አለው፣ በክፍያ የሚገባበት ነው፤ እግረ መንገዱን ዱከም ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣው ሰው በጎን አለፈ። የቀረው ለሥጋው ብሎ የሚመጣውና በአሮጌው መንገድ የሚሄደው ነው። በአንጻሩ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሌላ እንግዳ አመጣ። በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ማደሪያ ይፈልጉ ጀመር። የሚፈልጉት ግን የአንድ ሌሊት አልጋ ሳይሆን ሦስት አራት ሆነው የሚከፍሉት የወር ክፍል ነው።

ስለዚህ ብዙዎቹ ደብተሮች ተለውጠዋል። ሁዳዴም ሆነ ፋሲካ ቁጥሩ አንድ ነው። ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ይህ እፎይታ ነው፤ ብድር ሲጠየቅ የሚመለስበትን ቀን መገመት አይከብደኝም። ባለቤቶቹ ግን ገቢው የተረጋጋ ቢሆንም ቀጭን ነው ይላሉ፤ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስም ክፍሉ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ከአባሎቻችን አንዷ በዚህ ዓመት ከአምስት ክፍሎቿ ሦስቱን በወር አከራይታለች። ሁለቱን ግን አልሰጠችም፤ አንሶላቸውን አጥባ ለኢሬቻና ለፋሲካ አስቀምጣቸዋለች።