ፀረ ቫይረስ እና ፀረ ብግነት መድኃኒት አብረው የሚሰጡት መቼ ነው?

#ጤና

ሳልና ትኩሳት ሲጠናባችሁ «ዴክሳሜታዞን ግዛና ዋጥ፣ ወዲያው ይለቅሃል» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። መድኃኒቱ በኮቪድ ወቅት የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ እውነት ነው። ግን ያለ ጊዜው ከተወሰደ ያው መድኃኒት ሊጎዳ ይችላል። ለምን? በአጭሩ እንየው።

🔹 ሕመሙ ሁለት ደረጃ አለው

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት ይራባል። በዚህ ጊዜ ዋናው ችግር ራሱ ቫይረሱ ነው። አብዛኛው ሰው እዚሁ ላይ ይሻለዋል።

በአንዳንዶች ላይ ግን (በኮቪድ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ገደማ በኋላ) የሰውነት የመከላከል አቅም ከልክ በላይ ይቆጣል። ቫይረሱን ሊያጠፋ የተነሳው ኃይል ሳንባን ራሱን መጉዳት ይጀምራል። ብግነት የሚባለው ይሄ ነው። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል።

🔹 መድኃኒቶቹም ሁለት ዓይነት ናቸው

👉 ፀረ ቫይረስ፦ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዳል። በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። ለምሳሌ የኢንፍሉዌንዛው ኦሴልታሚቪር ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክት በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው።

👉 ፀረ ብግነት፦ ቫይረሱን አይገድልም። የተቆጣውን የመከላከል አቅም ነው የሚያበርደው። እዚህ ላይ የምናወራው እንደ ዴክሳሜታዞን ስላሉ ጠንካራ መድኃኒቶች እንጂ ለራስ ምታት ስለሚወሰደው አይቡፕሮፌን አይደለም።

🔹 ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የተካሄደው «ሪከቨሪ» የተሰኘው ትልቅ ጥናት ዴክሳሜታዞንን በኮቪድ ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ላይ ሞከረ። ከ28 ቀን በኋላ የሞቱት ሲቆጠሩ፦

▪️ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት፦ መድኃኒቱን ካገኙት 29.3 በመቶ፣ ካላገኙት 41.4 በመቶ

▪️ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው፦ ካገኙት 23.3 በመቶ፣ ካላገኙት 26.2 በመቶ

▪️ ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው፦ ካገኙት 17.8 በመቶ፣ ካላገኙት 14 በመቶ

የመጨረሻውን መስመር ደግማችሁ እዩት። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው መድኃኒቱ ጥቅም አላሳየም፤ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ነው ቁጥሩ የሚጠቁመው።

ሁለቱ ሲጣመሩስ? በዚያው ዓመት በ1,033 ሕሙማን ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ፀረ ቫይረሱ ሬምዴሲቪር ብቻውን ሲሰጥ ሕሙማኑ ለማገገም በአማካይ 8 ቀን ወሰደባቸው። ባሪሲቲኒብ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት ሲጨመርበት 7 ቀን ሆነ። ብዙም ለውጥ የለውም ትሉ ይሆናል። በከፍተኛ ፍሰት ኦክስጅን በሚሰጣቸው ላይ ግን ከ18 ቀን ወደ 10 ቀን ነው የወረደው! ጥምረቱ ይበልጥ የጠቀመው ሳንባቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሰዎች ነው።

ለኮቪድ የሠራው ለሁሉም ይሠራል ማለትም አይደለም። ለከባድ ኢንፍሉዌንዛ የዓለም ጤና ድርጅት ዴክሳሜታዞንን የመሰሉ ስቴሮይዶች እንዲሰጡ አይመክርም።

🔹 ቤት ውስጥ ብንወስደውስ?

ዴክሳሜታዞን የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ገና ቫይረሱ በሚራባበት ሰዓት መውሰድ ማለት ዘበኛውን አስተኝቶ ሌባውን ማስገባት ነው። በዚያ ላይ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ትኩሳቱን ስለሚያበርደው ደግሞ የዳናችሁ ሊመስላችሁ ይችላል።

ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ሐኪም ስቴሮይድ ያዘዘላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። በድንገት ማቆምም አደጋ አለው።

🔹 ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት መሄድ ያለባችሁ፦

🚨 ትንፋሽ ሲያጥራችሁ
🚨 ደረታችሁን ሲወጋችሁ ወይም ሲጫናችሁ
🚨 ከንፈር ሲጠቁር ወይም ሰው ግራ ሲጋባ
🚨 ትኩሳቱ ለቆ ከነበረ በኋላ ብሶ ሲመለስ

የትኛው መድኃኒት መቼ እንደሚጀመር የሚወሰነው የኦክስጅን መጠናችሁ ተለክቶ ነው። ቤታችሁ የተራረፈ ዴክሳሜታዞን ካለ ለጎረቤት አትስጡት፤ ይልቅ ይህን መረጃ አጋሩ።