«ልጄ ይገባል ወይ?» የአሜሪካ ኮሌጆች በር ታሪክ

 

በቅርቡ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ቢሯችን መጥተው ነበር። ልጁ ባግሩቱን በጥሩ ውጤት ጨርሷል፣ ውትድርናውንም ፈጽሟል፤ አሁን ደግሞ «አሜሪካ ሄጄ ነው የምማረው» ብሏል። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ውጤትህን ታስገባለታለህ፣ እሱ ደግሞ የመግባት ዕድልህን በመቶኛ ይነግርሃል። አንዱ ማስያ 12 በመቶ አለው፣ ሌላው ለዚያው ኮሌጅ 31 በመቶ። እናቱ ግራ ገብቷቸው «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ልጄ ይገባል ወይስ አይገባም?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ለምን መልስ እንዳጣን ስናስበው ግን ነገሩ ወደ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን፤ ያውም ታሪኩ አይሁዶችን የሚመለከት ነው። ዛሬ እሱን እንጻፍላችሁ ብለን ነው።

እዚህ እስራኤል ቢሆን ጥያቄው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። የባግሩቱን አማካይና የፕሲኮሜትሪውን ነጥብ ታስገባለህ፣ ሰኬም ይወጣል፣ የትምህርት ክፍሉ ካስቀመጠው ነጥብ ጋር ታስተያያለህ። ከበለጠ ገባህ፣ ካነሰ ወይ እንደገና ትፈተናለህ ወይ መኺና ትገባለህ። (መኺና ስንል የመሰናዶ ትምህርቱን ነው። አንዲት አያታችን «ልጁ መኪና ገባ» ሲባሉ «ገንዘቡን ከየት አመጣው?» ያሉት እስከ ዛሬ ያስቀናል፣ ያስቀናል ስንል ያስቀናል ሳይሆን ያስቀን!) ፕሲኮሜትሪውን የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ የፈተናና የምዘና ተቋም ዩኒቨርሲቲዎቹ በ1981 አቋቋሙት፤ ነጥቡም ከ200 እስከ 800 ነው። ፈተናው ለእኛ ልጆች ቀላል ሆኖ አያውቅም፤ የዝግጅት ኮርሱም ገንዘብ ይጠይቃል። ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው። ሰኬሙን ሲያሰላ የአባትህን የትውልድ አገር የሚጠይቅህ የለም።

አሜሪካም ዱሮ እንዲሁ ነበረች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ኮሎምቢያ የሚባሉት ትልልቅ ኮሌጆች ተማሪ የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና ነበር። በ1900 የተቋቋመው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ቦርድ ለብዙ ኮሌጆች የሚሆን አንድ ፈተና ማዘጋጀት ጀመረ። ፈተናውን ያለፈና ክፍያውን የቻለ ገባ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያልፉት የሀብታም ልጆች ነበሩ፤ ላቲን በደንብ የሚያስተምሩት የግል ትምህርት ቤቶቻቸው ናቸውና። ቢሆንም ደንቡ ግልጽ ነበር።

ታዲያ ከ1881 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አይሁዶች ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ገቡ። ወላጆቹ ልብስ ሰፊ፣ ቸርቻሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ልጆቹ ግን ፈተና ማለፍ ቻሉ። በሃርቫርድ በ1900 አካባቢ ከመቶው ሰባት የማይበልጡት አይሁዶች በ1922 ከመቶው 21 ያህል ሆኑ። ኒውዮርክ ባለው በኮሎምቢያ ደግሞ ወደ 40 በመቶ ደርሰው ነበር። ብዙዎቹ የማደሪያውን መክፈል ስለማይችሉ ከቤታቸው በትራም እየተመላለሱ ነበር የሚማሩት። ሥርዓቱ ያለውን አደረጉ፤ አጥንተው አለፉ። ችግሩም ይኸው ሆነ።

ያኔ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት አቦት ሎረንስ ሎውል ነበር። ከ1909 እስከ 1933 የመራ ሰው ነው፤ ወደ አሜሪካ የሚገባው ስደተኛ እንዲቀንስ በሚታገለው ማኅበር ውስጥም ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በ1922 የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ይገደብ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱን ስትሰሙ ትገረማላችሁ፤ አይሁዶች ሲበዙ በተማሪዎች መካከል ጥላቻ ይበዛል፣ ስለዚህ መቀነሳቸው ለራሳቸው ጥቅም ነው የሚል ነበር። ለእኛው ጥቅም ተብሎ ስንት ነገር እንደተደረገብን የምናውቅ ሰዎች ይህን አነጋገር ቶሎ እንለየዋለን።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በዚያው ዘመን ይኸው ሎውል ጥቁር ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት ማደሪያ ውስጥ ከነጮቹ ጋር እንዳይኖሩ ከልክሎ ነበር። ነገሩ ትልቅ ጩኸት አስነስቶ በ1923 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ እገዳውን ሻረው። እኛን የመሰለ ሰው፣ ጥቁርም አይሁድም የሆነ፣ ያኔ እዚያ በር ላይ ቢቆም በየትኛው በኩል ይመለስ ነበር ብለን ብዙ ጊዜ ተሳስቀናል።

የሎውልን ግልጽ ኮታ የመምህራኑ ኮሚቴ በ1923 አልተቀበለውም። ሰዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፣ ፍትሕ አሸነፈ ብለው። ዋናው ነገር ግን የተሠራው በጓሮ በር ነው። ኮታ ማለት ሲያሳፍር ሌላ መንገድ ተገኘ።

መጀመሪያ የማመልከቻው ቅጽ ተለወጠ። ከ1922 ጀምሮ አመልካቹ ዘሩንና ቀለሙን፣ ሃይማኖቱን፣ የእናቱን ስም ከነቤተሰቧ፣ የአባቱን የትውልድ ቦታ እንዲጽፍ ተጠየቀ። አንዱ ጥያቄ ደግሞ ከተወለድክ ጀምሮ ያንተ ወይም የአባትህ ስም ተለውጦ ያውቃል ወይ፣ ከተለወጠም በደንብ አስረዳ የሚል ነበር። አይሁዶች ስማቸውን እንግሊዝኛ እያስመሰሉ ይለውጡ ስለነበር እነሱን ለመያዝ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። ቀጥሎ ፎቶግራፍ መጣ፣ ከዚያም ቃለ መጠይቅና የምስክር ደብዳቤ።

ይህን የስም ጥያቄ መጀመሪያ ስናነብ ዝም ብለን ቀረን። እኛ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣን ልጆች ስማችንን ራሳችን አልለወጥነውም። ክፍል ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ መምህሯ «ይህ ስም ይከብዳል» ብላ ሌላ ሰጠችን፤ ማታ ቤት ስንመለስ እናቶቻችን በድሮው ጠሩን። «በደንብ አስረዳ» ብንባል ምን ብለን እናስረዳ ነበር?

በ1926 ሃርቫርድ ሌላ እርምጃ ወሰደ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቁጥር ከ1,000 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቀላል የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፣ ግን ሁሉን የለወጠው እሱ ነው። ቦታው ሲገደብ ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ካለፉት መካከል መምረጥ ግድ ይሆናል። የሚመርጠውም በ«ጠባይ» ነው ተባለ፤ መሪነት፣ ወንድነት፣ ስፖርት፣ ጨዋታ አዋቂነት። ተማሪዎች ከመላው አገር ይምጡም ተባለ። ይኼኛው ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን አይሁዶች የሚኖሩት በብዛት ኒውዮርክና ቦስተን አካባቢ ስለነበር ከሩቅ ምዕራብ ለሚመጣ ልጅ ቦታ በተሰጠ ቁጥር እነሱ ይቀንሳሉ። ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆችም ቅድሚያ ተሰጠ፤ አያቱ በፖላንድ የኖረ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? በ1925 ከሩብ በላይ የነበረው የአይሁዶች ድርሻ ብዙም ሳይቆይ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወረደ። ሎውል የፈለገው ቁጥር ማለት ነው፤ ኮታ የሚል ቃል የትም ሳይጻፍ። ኮሎምቢያም ቀደም ብሎ በተመሳሳይ ዘዴ ድርሻቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶት ነበር።

የተመለሱት ልጆች ምን ሆኑ? ብዙዎቹ ኒውዮርክ ወደሚገኘው ሲቲ ኮሌጅ ሄዱ፤ ክፍያ የማይጠይቅ የሕዝብ ኮሌጅ ነበር። የፖሊዮን ክትባት የሠራው ዮናስ ሶልክ እዚያ የተማረ ነው፣ በ1934 ተመርቋል። ሪቻርድ ፋይንማን ደግሞ ለኮሎምቢያ አመልክቶ በአይሁዶች ኮታ ምክንያት ስላልተቀበሉት ኤም አይ ቲ ገባ፤ በ1965 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። እነዚህን ስሞች ሁሉም ይጠራቸዋል። እኛ ግን የምናስበው ስማቸው የማይታወቀውን ነው፤ «አንተ አትሆንም» ተብሎ ወደ አባቱ ሱቅ የተመለሰውን።

እንዲህ ያለውን ልጅ እናውቀዋለንና። በፕኒሚያ ስንማር ጎበዝ የነበሩ ጓደኞቻችን ሳይፈተኑ ወደ ሙያ ክፍል ተላኩ። ምክንያቱ ውጤት አልነበረም። «ዝምተኛ ነው፣ ዓይን ለዓይን አያይም፣ ተነሳሽነት የለውም» ተባለላቸው። እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት፣ ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው። የመዘናቸው ሰው ጨዋነቱን ጉድለት ብሎ ጻፈው። ክፉ ሰው ነበር አንልም፤ ምናልባት በልቡ ደግ አስቦ ይሆናል። ዛሬ በሥራችን ስለ አንድ ልጅ ሪፖርት ስንጽፍ፣ እኛም ራሳችን «ጠባዩ» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ እጃችን ይከብዳል።

ታዲያ ቁጥር ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ወይ ብትሉን፣ አይደለም። ዛሬም ድረስ ያለው ኤስ ኤ ቲ የሚባለው ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በዚያው በ1926 ነው። ያዘጋጀው ካርል ብሪገም ከሦስት ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ የሰሜን አውሮፓ ዘር ከሌላው ይበልጣል፣ የአይሁዶች ብልህነትም የተጋነነ ነው ብሎ ነበር። በ1930 ያ ጥናቱ መሠረት የሌለው እንደነበር ራሱ አምኖ ጽፏል። ሎውልን ተክቶ በ1933 ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ኮናንት ደግሞ ይህንኑ ፈተና ከተራ ቤተሰብ ጎበዝ ልጆችን ፈልጎ ስኮላርሺፕ ለመስጠት ተጠቀመበት። በክፉ እጅ የተሠራ መሣሪያ ለደግ ሥራ ዋለ።

በጠባይ መምረጥም እንዲሁ ተገልብጧል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይሁዶችን ማገዱ እየላላ መጣ፤ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በ1948 በትምህርት ላይ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1960ዎቹ ኮሌጆቹ ያንኑ «ሙሉውን ሰው እንመዝናለን» የሚለውን አሠራር ጥቁር ተማሪዎችን ለማስገባት ተጠቀሙበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 ዘርን ከብዙ ነገር አንዱ አድርጎ ማየት ይቻላል አለ። በ2023 ደግሞ በሃርቫርድ ላይ በቀረበው ክስ ይህን ከለከለ። በዚያ ክርክር ላይ የእስያ ዝርያ ያላቸው አመልካቾች በትምህርት ከፍተኛ ነጥብ እያላቸው «በግል ባሕርይ» ግን ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣቸው እንደነበር መረጃው ወጣ። የሥር ፍርድ ቤቱ ሆን ተብሎ የተደረገ አድልዎ አላገኘሁም ብሎ ነበር። እኛ ግን ያነበብነው የ1926ን ታሪክ ካወቅን በኋላ ነው።

ለዚያ ልጅ ማስያው ለምን አንዴ 12፣ አንዴ 31 እንዳለው እንግዲህ ይኸው ነው። ሃርቫርድ ዛሬ ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ያህል ብቻ ነው፤ ከሚመለሱት ውስጥ ውጤታቸው ሙሉ የሆነ ብዙ ናቸው። ምርጫው ከውጤት በላይ ባለው ነገር ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ማስያው አያየውም። በእኛ አገርም ቢሆን ለሕክምና ትምህርት ሞርና ሚርካም የሚባሉ የግል ባሕርይ ምዘናዎች አሉ፤ ወላጆች ሰኬሙ ብቻ በቂ ነው ብለው እንዳይዘናጉ ይህን አብረን እንንገራችሁ።

ለእናቱ በመቶኛውን እንደማናውቅ፣ የሚያውቅም እንደሌለ ነገርናቸው። ልጁን ሦስት ዓይነት ኮሌጅ ምረጥ አልነው፤ የሚመኘው፣ ውጤቱ የሚመጥነው፣ እና ከሞላ ጎደል እርግጠኛ የሚሆንበት። እዚህ ላለው ዩኒቨርሲቲም በሰኬሙ እንዲያመለክት፣ የሚጽፈውን ድርሰትም አያቱ ሲናገሩ ለምን ዝም እንደሚል እንዲያስረዳበት መከርነው። ቅጹን አብረን ከፈትነው። አሁን ዘርና ሃይማኖት መጻፍ ግዴታ አይደለም። ስለ ስም የሚጠይቅ ቦታ ግን አለ፣ ሰነዶቹ እንዳይጠፋፉ ነው፤ ከዚህ በፊት የተጠቀምክበት ሌላ ስም አለ ወይ ይላል። ልጁ ሲወለድ አያቱ ያወጡለት አማርኛ ስም በመታወቂያው ላይ አለ፣ በባግሩት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ዕብራይስጡ ነው። «የቱን ልጻፍ?» አለን። እናቱ ከእኛ ቀድመው «ሁለቱንም ጻፍ» አሉት።