ከካይሮ እስከ ባሮ ድልድይ፦ የፊልተር ታሪክ

ጋምቤላ ባሮ ድልድይ ላይ በቀትር ፎቶ ያነሳ ያውቀዋል፤ ውሃው ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ሆኖ ይወጣል። የመፍትሔው ታሪክ ሩቅ ነው።

የባሮ ውሃ በሶባት ነጭ ዓባይን ተቀላቅሎ ካይሮ ይደርሳል። እዚያው ካይሮ ከ1000 ዓመት በፊት ኢብኑል ሀይሰም «ኪታብ አል-መናዚር»ን ጽፎ፣ የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ መሆኑን አስረዳ። (ዓባይን ሊገድብ መጥቶ አልሆነለትም ይባላል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ የከረመው መሐንዲስ ማሉስ፣ እ.ኤ.አ. በ1808 ፓሪስ ውስጥ ከመስኮት የሚንጸባረቀውን ፀሐይ በክሪስታል አየ፤ ክሪስታሉን ሲያዞረው ነጸብራቁ ደበዘዘ። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ይህንኑ በሚሠራ ቀጭን ሉህ ላይ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ፖላራይዘር ከዚህ መጣ።

ቢጫና ቀይ ፊልተር የጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ዕቃ ነው። ዩቪም ዛሬ ከአቧራ መከላከያነት ብዙም አያልፍ። በዲጂታል ቀለሙን በኋላ ታስተካክላለህ፤ በነጸብራቅ የተሸፈነውን ውሃ ግን አትመልሰውም። ስለዚህ ሻጩ የሚደረድርልህን ጥቅል ተወውና አንድ ሰርኩላር ፖላራይዘር ግዛ። ልኩ ሌንሱ ፊት ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል። ብርሃን ስለሚቀንስ፣ ሲመሽ አውልቀው።